መልአኩ የሰፋው ሸሚዝ

መልአክ ልብስ ሲሰፋ ሰምቻለሁ። ይህን ሰው ፊት የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም የሰማኝ አባቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ይጁቤ ውስጥ፣ በክረምት፣ አንደኛ ክፍል ልገባ ስጠባበቅ ነው። ቤታችን ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የፊተኛው ክፍል የአባቴ የስፌት ቤት ነው፤ ከኋላ ጓዳ አለ። የጓዳው በር የሚከፈተው ወደ እትየ ጥሩብርሃን ግቢ ነው። እትየ ጥሩብርሃን ጨርቅና ክር የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ በዕድሜ ለእናቴ እናት ይሆናሉ፣ በሳቅ ግን እኩያዋ ነበሩ። አባቴ አብዱልቃኒ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ጸጥታ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከቤት ስወጣ ነው። ቤት ውስጥ የምነቃው በስፌት መኪናው ድምፅ፣ እንቅልፍ የሚወስደኝም እዚያው ድምፅ ላይ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባቴ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። አዲስ አበባ ግን አልደረሰም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ የአውቶቡሱ ፍሬን እምቢ አለ። ተመልሶ ሲመጣ ኮቱ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረበት፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ሙስሊሙ “እንኳን አላህ አተረፈህ” ይላል፣ ክርስቲያኑ “እንኳን እግዜር አወጣህ” ይላል፤ አባቴ ለሁሉም “አሜን” እያለ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

“እንዴት ሆናችሁ ተረፋችሁ?” አሉት አቶ ይስማው፣ የጎረቤታችን የሙሉሰው አባት።

“ድንጋይ ያዘን” አለ አባቴ። “የፊት ጎማው አየር ላይ ነበር። ሰው ይጮኻል። እኔ መጮኽ እንኳ አልቻልኩም፤ ምንም አላደረግሁም። አንድ ድንጋይ ከሥር ያዘን። ያን ድንጋይ እዚያ ማን አስቀመጠው?”

ኮቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

“እኔ ዕድሜ ልኬን መቀሴ ነው የሚያበላኝ ስል ኖርኩ” አለ።

በማግስቱ የስፌት መኪናውን በነጭ አንሶላ ሸፈነው፤ ከአቶ ይስማው ጋር ተሸክመው ጓዳ አስገቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከሱብሒ ሰላት እስከ ማታ ከመስጊድ አይወጣም። እናቴ ዘኪያ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችው።

“እህሉስ?”

“ወፍ ማን ያበላታል?” አላት።

እናቴ የምታስረውን ሻሽ ለአፍታ ይዛ ቆመች። ከዚያ አሰረችው።

እኔ ግን አባቴ ያኔ የበለጠ ትልቅ ሰው ሆኖ ታየኝ። ድሮ ክር ተለጥፎበት፣ ጠመኔ ጣቱን አንጥቶት የማየው ሰው አሁን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሆነ። ሴቶች በመንገድ ሲያገኙት “ዱዓ አድርግልን” ይሉታል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ እጁ ነው። ለዱዓ ሲያነሣው ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነፋስ እንደነካው ቅጠል። አላህን ምን ያህል ቢፈራ ነው እል ነበር። መድረሳ ውስጥ ለዱዓ እጄን ሳነሣ እኔም ለማንቀጥቀጥ ሞከርኩ። ሼህ ጀውሃር አይተውኝ “ዑበይዱላህ፣ በርዶሃል?” አሉኝ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ።

ሌላው ድንቅ ቤታችን ውስጥ ነበር። አባቴ ሳይሠራ እህል አልጠፋም። ጠዋት ስነሣ ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ ሽሮው ዕቃው ውስጥ ሞልቷል።

“እማ፣ ይህ ከየት መጣ?”

“አላህ ሰጠን።”

“በየት በኩል?”

“ወሬ ከምታበዛ ብላ።”

እኔም ማንም በማያየኝ ሰዓት ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ቆርቆሮውን እመረምራለሁ፤ ዱቄት ሊያሳልፍ የሚችል ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ያገኘሁት ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር።

እናቴ በዚያ ክረምት እኅቴን አስያን አርግዛ ነበር። ሆዷ ወደ ፊት ገፍቷል፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት ነበር። አንድ ቀን እትየ ጥሩብርሃን ወደ እግሯ አጎንብሰው አዩና “አንቺ ሴት፣ ይህ እግር ምን ሆነ? ተቀመጪ እንጂ!” አሏት።

“ተቀምጬ እኮ ነው ያበጠው!” አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እትየ ጥሩብርሃን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔ የተቀመጠ ሰው እግሩ ማበጡ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲስቁ ቤቱ ስለሚሞቅ አብሬያቸው ሳቅሁ።

መልአኩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰማዩ ከብዶ ስለነበር ሼህ ጀውሃር “ወንዙ ሳይሞላ ሩጡ” ብለው ቶሎ ለቀቁን። እንደ ልማዴ በመስጊዱ በኩል አለፍኩ፤ አባቴ ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ቤት ስደርስ በሩ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፏል። እናቴ ጠዋት “እትየ ጥሩብርሃን ጋ እውላለሁ” ብላኝ ነበር። ስለዚህ ማንም የለም ብዬ ከበሩ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

ያኔ ከውስጥ ሰማሁት። ጠጠጠጠጠ… ያቆማል። ጠጠጠጠ… እንደገና ያቆማል።

መኪናው ነው። ተነሣሁና በግድግዳው ጎን ዞሬ ጆሮዬን ጭቃው ላይ ለጠፍኩ። ግድግዳው ድምፁን ተሸክሞ ጉንጬን ይነዝረኛል። አባቴ መስጊድ ነው፤ አሁን አይቼዋለሁ። እናቴ ጎረቤት ናት። በሩ ተቆልፏል። ታዲያ የሚሰፋው ማን ነው? ምርጉ የረገፈበት ቦታ ፈልጌ በስንጥቁ አየሁ። ጓዳው ጨለማ ነው። ከትንሿ መስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ ግን አንድ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ከጠረጴዛው ላይ እየፈሰሰ ወደ መሬት የሚወርድ፣ እንደገና የሚነሣ። ክንፍ ነው።

አልጮኽኩም። ትንፋሼን ዋጥኩ። መላኢካ አይበላም፣ አይተኛም፣ ወንድም ሴትም አይደለም ብለው ሼህ ጀውሃር አስተምረውናል። አባቴ ሥራውን ለአላህ ሲተው፣ አላህ በአባቴ ምትክ ሠራተኛ ልኮለታል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመኪናውን ድምፅ ዋጠው። እየበሰበስኩ አልተነሣሁም።

ዛሬ ሰው ቢጠይቀኝ ያየሁት ነጭ የሸሚዝ ጨርቅ ነበር እላለሁ። የምትሰፋው እናቴ ናት፤ ጨርቁን ከሱቃቸው አውጥተው የሰጧት፣ እሷንም በግቢያቸው በኩል በጓዳው በር አሾልከው ያስገቧት እትየ ጥሩብርሃን ናቸው። የፊቱን በር ከውጭ የቆለፉትም እሳቸው ናቸው። እናቴ አባቴን ለዓመታት ሲሰፋ እያየች ሻይ ስታቀብለው የቆየች ሴት ናት፤ እጇ ሳይሆን ዓይኗ ነበር የተማረው። ይህን ሁሉ ካደግሁ በኋላ ነግራኛለች። ከእኔ የደበቀችውም እኔ አፌ ስለማይያዝ ነው።

ዩኒፎርሞቹን እትየ ጥሩብርሃን “ደብረ ማርቆስ ያሰፋሁት ነው” እያሉ ለሰው ይሸጡ ነበር፤ ቀድመው የሚቀበሉት ቀብድ ነው ዱቄትና ዘይት ሆኖ ቤታችን የሚገባው። መጀመሪያ የደረሰው ለሙሉሰው ነው። መስከረም እስኪጠባ መታገሥ አቅቶት ለብሶት ወደ መንገድ ወጣ። ልጆቹ ከበቡት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ልብስ አዋቂ ነኝ የሚል ትልቅ ልጅ፣ ደረቱን እየነካካ ይስቅበት ጀመር።

“ይህ እኮ የሴት ነው!”

“የምን የሴት! አዲስ ነው!”

“ቁልፉን እየው እስቲ፤ በግራ ነው የተተከለው። የወንድ በቀኝ ነው። የእኅትህን ለብሰህ ወጣህ!”

ሙሉሰው እየተሳደበ ድንጋይ ሲያነሣ አቶ ይስማው ወጡ። እሳቸውም ቁልፉን አዩት። “ማርቆስ ሰልጥናለች ማለት ነው” ብለው ሳቁና ልጃቸውን በጆሮው ይዘው አስገቡት።

እኔ ግን ሁሉ ነገር በራልኝ። ማርቆስ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ወንድና ሴት ይለያሉ። ቁልፍ የት እንደሚተከል የማያውቀው ራሱ ወንድም ሴትም ያልሆነ ብቻ ነው። ሸሚዙ የእኛ ቤት መላኢካ የሰፋው ነው። ሙሉሰው ምን እንደለበሰ ባለማወቁ አዘንኩለት።

እናቴ የሸሚዙን አቆራረጥ የወሰደችው ከራሷ ቀሚስ ነበር።

በነሐሴ ማለቂያ ላይ አንድ ቀን ዝናብ መስጊድ ውስጥ አገተን። ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሼህ ጀውሃር መጥተው ከፊታችን አረፉ። ከመድረሳ በኋላ ሸማ የሚሸምኑ ሰው ናቸው፤ ጺማቸው ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም።

“አብዱልቃኒ፣ ቤትህን ማን ነው የሚያበላው?” አሉት።

“አላህ።”

“እሱማ አላህ ነው። በማን እጅ?”

አባቴ ምንጣፉን በጣቱ ይዳብስ ጀመር።

“አልጠየቅህም?”

“መጠየቅ አለማመን አይሆንም ወይ፣ ሼሃችን?”

“የላኪውን ስም እየጠሩ መልእክተኛውን አለማየት ነው ነውሩ” አሉ። “ነቢያችን ግመሉን ፈትቶ ለቆ በአላህ ተመካሁ ላለው ሰው ምን አሉት? መጀመሪያ እሰራት፣ ከዚያ ተመካ። ልብህ የታሰረበትን አንተ ታውቃለህ።”

“ግመል ምንድን ነው?” አልኩ እኔ።

“ረጅም በቅሎ ናት በላት” አሉኝና ተነሡ።

ከዚህ ንግግር እኔ የያዝኩት ረጅሟን በቅሎ ነው። አባቴ የያዘው ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ነበር። ማታ እራት ላይ ለእናቴ እንዲህ አላት፦ “ሼሁ አውቀውብኛል። ልቤ ገና መኪናው ላይ ታስሯል። ከቤት መውጣት አለበት። ለባዘዘው እሰጠዋለሁ፤ ሙያውን ከኔ ተምሮ መኪና አጥቶ የቀን ሥራ ይሠራል። ልኬበታለሁ፤ ቅዳሜ ጋሪ ይዞ ይመጣል።”

እናቴ በእጇ የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ አልወረወረችም፣ አስቀመጠችው።

“ሸሚዞቹ…” አለች።

“የምን ሸሚዝ?”

“ምንም። ሸሚዝህን ልጠብልህ ማለቴ ነው።”

አባቴ ለሰላት ተነሣ። እናቴ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳው በር ታያለች። መኪናው ከሄደ ቤታችን እህል እንደማይገባ፣ የሚወለደውም ልጅ ባዶ ቤት እንደሚጠብቀው የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እሷና እትየ ጥሩብርሃን። ለምን እንዳልነገረችው በኋላ ጠይቄያታለሁ። “ከዓባይ የተመለሰው አካሉ ነው” አለችኝ። “እሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። በሚመጣ ሰው ላይ እንዴት ትጮሃለህ? ይደነግጥና ይወድቃላ።”

እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። መላኢካው ጠዋት መጥቶ መኪናውን ሲያጣ ታየኝ። ባዶ ጓዳ ውስጥ ክንፉን አጥፎ ሲቆም፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲሄድ። ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ ጋሪ ስጎትት አደርኩ።

በማግስቱ ከመድረሳ ጠፍቼ ቤት ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል፤ ድምፁ አለ። ቆይቼ አልሰማሁትም። ወደ መስጊድ ሮጥኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አንዱን አስቀረብኝ። አባቴ ብቻውን ነበር። ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ያው ነኝ። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ተገፍቶ ወጣ።

“አባ፣ መኪናውን ለባዘዘው አትስጠው! መላኢካው ምን ላይ ይሰፋል?”

“የምን መላኢካ?”

“ጓዳ ውስጥ ያለው። አንተ እዚህ ስትሆን በምትክህ የሚሰፋው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ክንፉንም አይቻለሁ፤ ነጭ ነው።”

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲያ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ሰፍቶ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ፣ እንደ እኔ ልጅ መሰለ። ለዚያች አፍታ ያመነኝ ይመስለኛል። ከገደል አፍ በድንጋይ የተያዘ ሰው ይህን ማመን ለምን ያቅተዋል?

“በሩስ?”

“ተቆልፏል።”

“እናትህስ?”

“እትየ ጥሩብርሃን ጋ ናት።” ያላመነኝ መስሎኝ የቀረኝን ማስረጃ አወጣሁ። “የሙሉሰውን ሸሚዝ እሱ ነው የሰፋው። ቁልፉን በግራ ተከለው። መላኢካ ወንድም ሴትም ስላልሆነ አያውቅም!”

አባቴ ዓይኑን ከደነ። እጄን ይዞ ተነሣ።

መንገድ ላይ ሙሉሰውን አገኘነው፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶታል፣ ቁልፉ እንዳይታይበት ከኋላ አድርጎ። አባቴ ጠራውና ጉልበቱ ላይ አስጠግቶ ኮሌታውን ገለጠ። የውስጡን ስፌት በጣቱ ዳበሰ። ስፌቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ክሩ ይቋጠራል፤ ያ የአባቴ አጨራረስ ነው፤ በይጁቤ ሌላ ማንም እንዲያ አይጨርስም። አባቴ ያቺን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ይዞ ረጅም ጊዜ አጎነበሰ።

“የሴት ነው አይደል?” አለ ሙሉሰው ሊያለቅስ።

“አይደለም፣ ልጄ። የወንድም የሴትም አይደለም። በጣም ጥሩ ስፌት ነው።”

እንዳልኩት ሲያረጋግጥልኝ ደረቴ ተነፋ። ያኔ ሁሉን እንዳወቀ አላወቅሁም።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጫማውን አወለቀ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እሱ ግን መስጊድ እንደሚገባ ሰው አወለቀና በግድግዳው ጎን በባዶ እግሩ ሄደ። መላኢካ ያለበት ቦታ በጫማ አይረገጥማ አልኩ በልቤ፤ የቀረችኝን አንዷን እኔም አወለቅሁ። አሁን ሳስበው ኮቴው እንዳያስደነግጣት ነበር።

መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገ። ውስጥ መኪናው ይሰማል። ጠጠጠ… ያቆማል። ይቆያል። ከዚያ አንድ ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ ደክሞት የሚተነፍስ፣ እንደ ማልቀስ ያለ።

“ያ አላህ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ አድርሰኝ።”

የእናቴ ድምፅ ነው። እኔ ግን የእሷ ነው አላልኩም። መላኢካው የእናቴን ድምፅ ተውሶ ይናገራል ብዬ የአባቴን ጀለቢያ ጨምድጄ ያዝኩ። አባቴ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደገፈው። ትከሻው ይናወጣል። ግድግዳው ሲነዝር እሱም አብሮ ይነዝራል፤ ማንኛው ማንኛውን እንደሚያናውጥ መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ በእትየ ጥሩብርሃን በር ዞርን። እሳቸው ገና ሲያዩት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

“አብዱልቃኒ! ወዴት ነው? ሴት ያለችበት ነው፣ ትልበስ፣ ቆይ…”

“እትየ፣ ያሳልፉኝ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የገፋፋኋት። ብትቆጣ በኔ ተቆጣ፤ እሷ ከባድ ሰውነት ይዛለች።”

“ጥፋት አላልኩም፣ እትየ” አለ። ድምፁ ሲሰበር እሳቸው ከመንገዱ ወጡ። እኔን ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝና በመዳፌ ቆሎ አፈሰሱልኝ። መብላት ረሳሁ።

መኪናው ቆመ። ቆሞ ቀረ። በቃ፣ ሄደ አልኩ። አባቴ ገባና መላኢካው ሄደ። እንባዬ መጣ።

ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ልትነሣ ስትል አባቴ “አትነሺ” አላት። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ለዱዓ አልነበረም። ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።

“ዘኪያ፣ ከዓባይ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም” አላት። “መቀስ ስይዝ ጨርቁ ይሸሸኛል። በመጀመሪያው ቀን ሞክሬ ነበር። ፈራሁ። ሥራውን ለአላህ ተውኩ ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ግን እጄን መደበቄም ነበር።”

እናቴ እጁን ሳይሆን የራሷን እግር አየች፤ በርጩማ ላይ አንጠልጥላው ነበር፣ ያበጠ፣ ጥፍሩ የማይታይ።

“እንግዲህ እኔ ደግሞ እግሬ እምቢ ብሎኛል” አለችው።

ይህን እኔ አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት ከረጅም ዝምታ በኋላ መኪናው እንደገና ሲነሣ ነው። ድምፁ ግን ሌላ ነበር፤ እየጀመረ የሚሰናከል፣ እንደገና የሚነሣ፣ አዲስ መሄድ እንደጀመረ ሕፃን። ከእትየ ጥሩብርሃን እጅ አምልጬ በበሩ ገባሁ።

እናቴ ከመኪናው ፊት ተቀምጣለች፤ ነጩ ጨርቅ ከእጇ ሥር ይፈስሳል። አባቴ ከማዶ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ የጨርቅ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እግሩን ከሥር ዘርግቶ የመኪናውን ፔዳል ይረግጣል። እሷ ትመራለች፣ እሱ ይረግጣል። ፊት ለፊት ናቸው፤ ግን አይተያዩም፤ ሁለቱም መርፌውን ነው የሚያዩት።

“ቀስ በል!” ትለዋለች።

“ቀስ ነው ያልኩት።”

“በቅሎ አይደለም የምትጋልበው፣ ኮሌታ ነው!”

አባቴ ሳቀ። ከዓባይ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። በጓዳው ውስጥ ክንፍ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ግን እንደተታለለ ልጅ አልከፋኝም። እንዲያውም ግድግዳው ጋ ከነበረው ይልቅ እዚህ በር ላይ ፈራሁ፤ ጮክ ብዬ ብተነፍስ አንድ ነገር የሚሰበር መሰለኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የፈራሁበት ሌላ ቦታ መስጊድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ባዘዘው ጋሪ ተከራይቶ መጣ። ቀጭን ወጣት ነው፤ ለበዓል እንደሚሄድ ሰው ታጥቦ፣ መኪናውን የሚያስርበት ገመድ በትከሻው አድርጎ። በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን አያቸው።

“ጋሽ አብዱልቃኒ፣ እንደምን ዋላችሁ? መኪናውን ብለውኝ…”

“ብዬሃለሁ” አለ አባቴ እግሩን ሳያቆም። “ቃሌን አላጥፍም፤ ግን ይኸው እያየኸው ነው።”

ባዘዘው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ። እናቴ ያኔ ቀና አለች።

“ባዘዘው፣ ቁልፍ መትከል ታውቃለህ?”

“እንዴት አላውቅም፣ እትየ!”

“የወንድ በየት በኩል ነው?”

“በቀኝ ነዋ።”

“እንግዲህ ያን ሁሉ ሸሚዝ በግራ ተክዬዋለሁ። ተቀመጥ።”

አባቴም አከለ፦ “መኪናው አንድ ነው፤ ቀኑ ግን ሰፊ ነው። እሷ ከዐስር ሰላት በኋላ አትችልም፤ ከዚያ በኋላ ያንተ ይሁን። አላህ ካለ ደግሞ ሁለተኛ እንገዛለን።”

ባዘዘው ጋሪውን በባዶው መልሶ ተቀመጠ። በጥርሱ ክር እየበጠሰ የእናቴን ቁልፎች አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር፤ እትየ ጥሩብርሃንም “ማርቆስ እኮ ነው የተሰፋው፣ ቀስ ብለህ ንቀል” እያሉ ይስቁበታል።

እንዲህ እያሉ የዙህር አዛን ተሰማ። ስፌቱ እጀታ መካከል ነበር። አባቴ እግሩን አነሣ፤ መንኮራኩሩ ትንሽ ዞሮ ቆመ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ዞር ብላ እዚያው ተቀምጣ ልትሰግድ ተዘጋጀች። አባቴ ለሰላት ታጥቦ ወጣ።

“እስኪመለሱ እኔ ልርገጥላችሁ?” አለ ባዘዘው።

“ተወው” አለች እናቴ።

ጓዳው ጸጥ አለ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደወረደ ነበር። እኔ ጎኑ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁት፤ አልነካሁትም። አባቴ ሰግዶ ተመለሰ፤ ከሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ። እናቴ ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘች።

“ቢስሚላህ” አሉ፤ ማን ቀድሞ እንዳለ አላውቅም። ከዚያው ቀዳዳ ቀጠሉ።